የኪስ ቢላ (ሰንጢ) አያያዝና ንጽሕና
ለእንሰት፣ ለሙዝና ለፍራፍሬ አምራች አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



ዛሬ የምንማረው ኪሳችሁ ውስጥ ስለምትይዙት ታጣፊ ቢላ፣ በተለምዶ ሰንጢ ስለምንለው መሣሪያ ነው። ሰንጢ ሲባል የከተማ ዱርዬ መሣሪያ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። በገጠር ግን የሥራ ዕቃ ነው። ጠዋት ለከብት የእንሰት ቅጠል ትቆርጡበታላችሁ፤ የማዳበሪያ ጆንያ ትከፍቱበታላችሁ፤ ገመድ ትበጥሱበታላችሁ፤ ሲርባችሁ አቮካዶ ወይም ሸንኮራ አገዳ ትከፍሉበታላችሁ። ደቦ ስትወጡም አብሯችሁ ከሰው ጓሮ ይገባል።

ዶማና ማረሻ ከማሳችሁ ብዙም አይርቁም። ሰንጢ እናንተ በሄዳችሁበት ሁሉ ይሄዳል። በአንድ ቀን አራት አምስት ጓሮ ሊገባ፣ ብዙ ዓይነት ተክል ሊቆርጥ፣ ከዚያም የልጆቻችሁን ምግብ ሊነካ ይችላል። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የእንሰትና የሙዝ አጠውልግ በሽታ ከጓሮ ወደ ጓሮ ከሚሻገርባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ያልጸዳ መቁረጫ መሣሪያ መሆኑን በሥልጠና ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግን ትልቁ የእንሰት ቢላ ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለው ይረሳል። ስለዚህ የዛሬው መልእክት አጭር ነው፦ ሰንጢ ያዙ፣ ነገር ግን ሳታጸዱ አትዝጉት።

1. ሰንጢ መያዝ ለምን ይጠቅማል?

በገመድ የታሰረ ፍየል ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ሲንጠለጠል፣ ወይም በሬ በእርሻ ላይ ወድቆ ማነቆው ጉሮሮውን ሲይዘው፣ ቤት ሮጦ ቢላ ለማምጣት ጊዜ የለም። እንዲህ ያለው ነገር በዓመት አንዴ ቢያጋጥም እንኳ የሰንጢውን ዋጋ ከነትርፉ ይመልሳል። በየቀኑም ቢሆን የቲማቲም ድጋፍ ማሰሪያ ለመቁረጥ፣ የተሰበረ የቡና ቅርንጫፍ ለማስተካከል፣ የችግኝ ፕላስቲክ ሥሩን ሳይጎዱ ለመቅደድ በጥርስ ከመጎተትና በእጅ ከመገንጠል ይሻላል። በእጅ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ልጡን ይዞ ይላጣል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። በስለታም ቢላ የተቆረጠ ግን ጠርዙ ለስላሳ ስለሚሆን ቶሎ ይገጥማል።

ከሌላው ቢላ የሚለየው ስለቱ እጀታው ውስጥ መግባቱ ነው። ስትቀመጡ ጎናችሁን አይወጋም፤ ልጅ ቢያነሣውም ወዲያው አይቆርጠውም። ይህ መልካም ጎኑ ነው። ክፉ ጎኑም እዚያው እጀታው ውስጥ አለ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ስትገዙ ትልቅ አትፈልጉ። ስለቱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከላይ ለጠቀስነው ሥራ ሁሉ ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ብዙ ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት፤ ስለቱ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ መልሱት። ሲከፈት ቀጥ ብሎ የሚቆለፍ ቢሆን ይመረጣል፤ የማይቆለፍ ሰንጢ በጫፉ ሲወጉበት ተመልሶ ጣት ላይ ይዘጋል። ስለቱ የሚያርፍበት ስንጥቅ ሰፊና በሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ፣ ውሃ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት፣ ከጠባቡና ከተደፈነው ይሻላል። ጠርሙስ መክፈቻ፣ መቀስና መጋዝ በአንድ እጀታ ያጨቁትን ዓይነቶች አንመክርም። ያምራሉ፤ ግን ቆሻሻ የሚሸሸግበት ስንጥቅ ያበዛሉ። የማይዝግ ብረት ቢሆን መልካም ነው፤ ምክንያቱም ተራ ብረት በረኪና ሲነካው ቶሎ ይዝጋል።

2. አጠውልግና ሰንጢ

የእንሰት አጠውልግ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው። በአገራችን በእንሰት ላይ መኖሩ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ በ1974 ደግሞ በሙዝ ላይ መታየቱ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2001 በዑጋንዳ ሙዝ ላይ ታይቶ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙ ማሳ አጥፍቷል። እስከ ዛሬ ተክሉን የሚያድን መድኃኒት የለም። እንሰት ደግሞ ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ 4 ዓመት፣ 6 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ጓሮ ሲታመም የሚጠፋው የዘንድሮ ምርት ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ለሚቀጥሉት ዓመታት ያስቀመጠው ቆጮና ቡላ፣ የከብቱ መኖ፣ ገበያ የሚወጣው ቃጫ ጭምር አብሮ ይሄዳል።

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ መሐል ካለው ቅጠል ይጀምራል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይቢጫል፣ ይታጠፋል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል፤ በመጨረሻ ተክሉ በሙሉ ይወድቃል። ግንዱ ወይም የቅጠሉ እግር ሲቆረጥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ባክቴሪያው ያለው እዚያ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ያ ፈሳሽ የነካው ስለት ቀጥሎ የሚቆርጠውን ጤነኛ ተክል በቀጥታ ይመርዘዋል፤ ቁስሉ በር ከፍቶለታልና።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በሽታው የያዘው ተክል ምልክት እስኪያሳይ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ «የቆረጥኩት ጤነኛውን ነው» ማለት አያስተማምንም። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያው በተበከለ ቢላ ላይ ለቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ማክሰኞ አንድ ጓሮ የቆረጣችሁበት ሰንጢ ሐሙስ ሌላው ጓሮ ሲገባ በሽታውን ይዞ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ እጀታው እንመለስ። ቅጠል ከቆረጣችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን ስለቱን በሣር ወይም በሱሪያችን ጠርገን እንዘጋለን። ስለቱ ያበራል፤ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን በመታጠፊያው ሚስማር ዙሪያና በስንጥቁ ወለል የተክል ጭማቂ፣ ጭቃና የኪስ አቧራ ተቦክቶ ሊጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ስለቱ ሲታጠፍ ከዚያ ሊጥ ላይ ይተኛል። ኪስ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱና እርጥበቱ አለ። በማግሥቱ የጎረቤት ጓሮ ስትከፍቱት ያበራ የነበረው ስለት በሽታውን ከራሱ ቤት ይዞ ይወጣል። ትልቁ የእንሰት ቢላ እንዲህ ያለ መደበቂያ የለውም፤ ቆሻሻው ላዩ ላይ ስለሆነ ይታያል፣ ይታጠባልም። ሰንጢ ሲታጠብ ግን ስንጥቁ ካልታጠበ ስለቱን ማጠብ ድካም ብቻ ነው።

አጸዳዱ እንደሚከተለው ነው። ሰንጢውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። በውሃና በሳሙና፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ወይም እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ፣ ስለቱን፣ ሚስማሩንና ስንጥቁን ፈትጉ። ይህ የመጀመሪያው እርምጃ ሊዘለል አይገባም፤ በረኪና ጭቃና ጭማቂ ካገኘ ኃይሉን እነሱ ላይ ይጨርሳል፣ ባክቴሪያውም ይተርፋል። ቀጥሎ አንድ ስኒ የቤት በረኪና ከአምስት ስኒ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ፣ የተከፈተውን ሰንጢ ከነመታጠፊያው ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ንከሩት። በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ ክፍቱን ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ሚስማሩ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው። የኑግ ዘይት ግን ሲቆይ ስለሚሟሟጭና ስለሚደድር መታጠፊያውን ያጣብቀዋል፤ ቆሻሻም ይይዛል።

ይህን ሁሉ በየቅጠሉ ማድረግ እንደማይቻል እናውቃለን። ቢያንስ ከአንድ ጓሮ ወጥታችሁ ሌላ ከመግባታችሁ በፊትና ማታ ቤት ስትገቡ አድርጉት። በሽታ ባለበት ቀበሌ ከሆናችሁ ግን በገዛ ጓሯችሁም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፉ ስለቱን በበረኪናው ውሃ ማለፍ ግድ ይላል።

የበረኪናውን ውሃ በየጠዋቱ አዲስ አዘጋጁ፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደክማል። ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፤ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል። በመጠጥ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ማሳ ዳር አታስቀምጡ። የጠማው ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ክዳን ባለው ሰፊ ጣሳ ቢሆን ሰንጢውን ለመንከርም ይመቻል።

እሳትስ? ትልቁን የእንሰት ቢላ ካጠቡ በኋላ በእጅ እስከማይነካ ድረስ በእሳት ማጋል በደንብ ይሠራል። ለሰንጢ ግን አንመክረውም። የፕላስቲክ እጀታው ይቀልጣል፣ ስለቱም ከልክ በላይ ከጋለ ጥንካሬውን አጥቶ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቢስሉት አይይዝም።

ስለዚህ የሚሻለው መፍትሔ ይህ ነው። ለእንሰቱ ከጓሮው የማይወጣ አንድ ቢላ መድቡ፤ ጓሮው መግቢያ ላይ ስቀሉት። ቅጠል የሚቆርጠው ሰው፣ የቤቱ ሰውም ይሁን ለደቦ የመጣ ጎረቤት፣ በእሱ ይቁረጥ። ሰንጢው ለገመድ፣ ለጆንያና ለመሳሰለው ይሁን። ዘመድ ወይም ጎረቤት «ሰንጢህን አውሰኝ» ሲል እምቢ ማለት እንደሚከብድ አይጠፋንም፤ ነውርም ይመስላል። የራሱ የጓሮ ቢላ ካለው ግን ጥያቄው ራሱ አይነሣም። የደቦ ቡድኖችና የዕድር አባላት ተነጋግራችሁ «መሣሪያ የሚያቀርበው የጓሮው ባለቤት ነው» ብትባባሉ ማንም ማንንም አያስቀይምም። ተሰባስባችሁ እንሰት የምትፍቁ እናቶችም ከቤት ወደ ቤት ይዛችሁት በምትሄዱት መፋቂያና ቢላ ላይ ይህንኑ ስምምነት ብታደርጉ ጥቅሙ ከወንዶቹ ሰንጢ ሊበልጥ ይችላል፤ ከተክሉ ጋር ረጅም ሰዓት የሚውለው የእናንተ መሣሪያ ነውና።

የተጠራጠራችሁትን ተክል ደግሞ በሰንጢ እየቆረጣችሁ አትፈትሹ። ቅጠሉንም ለከብት አትስጡ። ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ንገሩ፤ አነቃቀሉንና አቀባበሩን ቦታው ድረስ መጥቶ ያሳያችኋል።

3. ሌሎች ሰብሎች

ድንች የምታመርቱ፣ ትልልቅ የድንች ዘር በሰንጢ ከፍላችሁ የምትተክሉ ከሆነ፣ አንድ በባክቴሪያ አጠውልግ የተያዘ ድንች ቀጥሎ የሚቆረጡትን በርካታ ድንቾች ሊበክል ይችላል። የእንቁላል መጠን ያለውን ዘር ሳይቆርጡ መትከል ይሻላል። ሸንኮራ አገዳንም የሚያቀጭጭ በመቁረጫ ቢላ የሚተላለፍ በሽታ ስላለ፣ የሚተከለውን ቁራጭ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ቢላውን አጽዱ። አቮካዶና ማንጎ የምታዳቅሉ ወጣቶች ለማዳቀል ብቻ የሚውል ቢላ ይኑራችሁ። የኪስ ሰንጢ ጠዋት ጆንያ ከከፈተ፣ ከሰዓት በኋላ ለስላሳ የማዳቀያ ቁርጥ አይወጣለትም።

4. ድንገት የሞተ ከብት

ይህ ክፍል አጭር ቢሆንም የሰው ሕይወት የሚመለከት ስለሆነ በጥንቃቄ አንብቡት። ከብት ሳይታመም ድንገት ቢሞት፣ ሬሳው ቶሎ ቢነፋ፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ጠቆር ያለ የማይረጋ ደም ቢወጣ፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሰንጢያችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። ቆዳውን ለማትረፍም ሆነ ሥጋውን ለመቃመስ አትክፈቱት። ሬሳው ሲከፈት ባክቴሪያው አየር ያገኝና ዘር የመሰለ ጠንካራ ሽፋን ያበጃል። ያ ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሊቆይና የልጅ ልጆቻችሁን ከብት ሊገድል ይችላል። ላዩ ላይ የነበረውን ከበረኪናና ከሳሙና ጋር ብታጥቡትም በቀላሉ አይሞትም።

ሳታውቁ ከፍታችሁ ከሆነ ሰንጢውን ምንጭ ወይም ወንዝ ወስዳችሁ አትጠቡት። እዚያው ለይታችሁ አስቀምጡና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ሥጋውን የነካ ሰው በቀጣዮቹ ቀናት እጁ ወይም ፊቱ ላይ የሚያሳክክ፣ ቀጥሎም ሳያምም መሐሉ የሚጠቁር ቁስል ካየ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጊዜ ከታከመ ይድናል። ሲሄድም የሞተ ከብት መንካቱን ለሐኪሙ ይንገር፤ አለዚያ እንደ ተራ ቁስል ሊታይ ይችላል።

5. ኬሚካልና ምግብ

በፀረ ተባይ ፓኬት የተከፈተ ሰንጢ ለምግብ አይሆንም። ይህን የማያውቅ አርሶ አደር ያለ አይመስለንም፤ ነገር ግን ማሳ መሐል ሲርብ ሁለተኛ ቢላ ስለሌለ ይረሳል። ቀለም የተቀባ፣ በኬሚካል የታሸ ዘር ያለበት ከረጢትም እንዲሁ ነው። የኬሚካል ፓኬት የሚከፈትበት አሮጌ ምላጭ ወይም መቀስ ከመርጫው ጋር አብሮ ይቀመጥ። ዩሪያ ጆንያ የከፈተ ስለትም ሳይታጠብ ካደረ ይዝጋል።

6. መሳል

የደነዘ ሰንጢ ከሳለው ይልቅ ሰው ይቆርጣል። ስለቱ ስለማይገባ በኃይል ትጫኑታላችሁ፤ በኃይል የተጫነ ቢላ ሲያንሸራትት ማቆሚያ የለውም። ተክሉንም ቆርጦ ሳይሆን ጨፍልቆ ይለየዋል።

ጠፍጣፋና ደቃቅ የመሳያ ድንጋይ አርጥቡ። ስለቱን ድንጋዩ ላይ አስተኝታችሁ ጀርባውን የእርሳስ ውፍረት ያህል፣ ማለት ወደ 7 ሚሊ ሜትር፣ ከፍ አድርጉ፤ ስለቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ካለው ይህ ልክ ነው። ከእጀታው ወደ ጫፉ፣ ድንጋዩን ስስ አድርጋችሁ እንደምትልጡ ያህል፣ አሥር ጊዜ በአንዱ ጎን፣ አሥር ጊዜ በሌላው ሳሉ። ከዚያ ቁጥሩን እየቀነሳችሁ አንድ አንድ ጊዜ እያገላበጣችሁ ጨርሱ። ከፍታው እንዳይለዋወጥ መጠንቀቅ ከፍጥነቱ ይበልጣል። ሞረድ ብረቱን ቶሎ ስለሚበላ ለተሸረፈ ስለት ብቻ ተጠቀሙበት። ከሳላችሁ በኋላም እጠቡት፤ የድንጋዩ ዱቄት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ መታጠፊያውን ይፍቃል።

7. መያዝና አለመያዝ

ስትቆርጡ ስለቱ ከሰውነታችሁ ወደ ውጭ ይሂድ። ስታቀብሉ ዘግታችሁ አቀብሉ። ልጆች ከብት ሲጠብቁ ሰንጢ ይፈልጋሉ፤ ከመስጠታችሁ በፊት አከፋፈቱንና አዘጋጉን አጠገባችሁ ይለማመዱት።

ሰንጢ ቤት የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ፍርድ ቤት፣ መናኸሪያ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ስብሰባ በር ላይ ፍተሻ ሊኖር ስለሚችል ይዛችሁ ብትሄዱ ሊወሰድባችሁ ወይም ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ የምንለምናችሁ መጠጥ ቤትና የድንበር ሽምግልና ስትሄዱ እንዳትይዙት ነው። በባዶ እጅ ቢሆን በቡጢ የሚያበቃ ጠብ ኪስ ውስጥ ስለት ካለ የሚደርስበት አይታወቅም።

ከተቆረጣችሁ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ደሙ እስኪቆም አጥብቃችሁ ያዙት። ቡና፣ አመድ ወይም አፈር አትነስንሱበት። በአፈርና በእበት የተነካካ ስለት የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ስለሚያመጣ፣ ክትባቱን በተመለከተ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። በእርሻ ሰንጢ የሕፃን እትብት ፈጽሞ አይቆረጥም።

8. የተግባር ልምምድ

ወደ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ስትመጡ ሰንጢያችሁን እንዳለ፣ ሳታጥቡት አምጡት። ሁለት ሁለት ሆናችሁ የጓደኛችሁን ሰንጢ ክፈቱና በስንጥቁና በሚስማሩ ዙሪያ ያለውን ቆሻሻ በስንጥር አውጥታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉ። ባለፉት ሦስት ቀናት ሰንጢው የገባባቸውን ጓሮዎችና የቆረጣቸውን ነገሮች ባለቤቱ ከወረቀቱ ጎን ያስጽፍ። ቀጥሎ ባለሙያው ባዘጋጀው የበረኪና ውሃ ከላይ በተገለጸው መሠረት አጽዱት፣ አድርቁት፣ ሳሉት። ወረቀቶቹ ከታዩ በኋላ እሳት ውስጥ ይጣላሉ። ከመበተናችሁ በፊት እያንዳንዱ የደቦ ቡድን መሣሪያ የማን እንደሚሆን ተስማምቶ ለባለሙያው ያስመዝግብ።